እግዜሩ ሄዶ ፍርሃቱ ሲቀር

ድሬዳዋ ውስጥ "እንዴት ዋልክ" ለሚል ሰው ሁለት መልስ አለ። ወይ "እግዜር ይመስገን" ነው፣ ወይ "አልሐምዱሊላህ"። "ደህና" ብለህ ብቻ ካቆምክ ጠያቂው ፊትህን እያየ ቀሪውን ይጠብቃል።

ይህን ያስተዋልኩት በአንዲት ጓደኛዬ የተነሳ ነው። ባለፈው ከዚራ ሰፈር ኒም ዛፍ ሥር ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ሙቀቱ ግን አልበረደም። ቡና የምታፈላው ልጅ "እንዴት ዋልሽ?" አለቻት። "ደህና፣ እግዜር ይመስገን" አለች ጓደኛዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። "አየህ አቦ! አራት ዓመት ሙሉ የለም እያልኩ አሁንም አመሰግነዋለሁ።"

ያደገችው በአንድ ትንሽ፣ ጥብቅ ጉባኤ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለት ፍንጭ ከሰጠሁ ቤቷን ታገኙታላችሁ። በ29 ዓመቷ ወጣች። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ልትገባ አስባ ነበር፤ ሁለት ሦስት ቦታም ሞክራለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሁሉም አለቀ። ጸሎቱም፣ እምነቱም።

አክስቷ ያኔ የጠየቀቻት ጥያቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "የተጣላሽው ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። እግዜር ምን አደረገሽ?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። ሰው ከእድሩ ሊቀመንበር ጋር ቢጣላ ሞት የለም ብሎ አይደመድምም። ታዲያ ከአንድ ጉባኤ የወጣ ሰው ለምን ፈጣሪን ጭምር ትቶ ይወጣል? ሁሉም አይተውም፣ እሱ እውነት ነው። የሚተዉት ግን ጥቂት አይደሉም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ደግሞ ሁለት ነው፦ ወይ "ተቀይማ ነው"፣ ወይ "ኢንተርኔት አበላሻት"። ሁለቱም ዋናውን ነገር የሚስቱት ይመስለኛል።

ጥብቅ ሃይማኖት ሁለት ትምህርት አንድ ላይ ይሰጣል። አንደኛው "ፈጣሪ አለ" የሚል ነው። ሁለተኛው "ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው" ይላል። ልጅ ሆነህ የበለጠ ሰዓት የሚወስድብህ የትኛው ነው? ሁለተኛው ነው። በተለይ እዚህ ከተማ።

ድሬን አስቧት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከነገጠር ቀበሌዎቿ ወደ 342 ሺህ ሰው ነበራት። ከመቶው 71 ገደማ ሙስሊም፣ 26 ገደማ ኦርቶዶክስ፣ 3 የማይሞላ ፕሮቴስታንት፤ ካቶሊኩ አንድም አይሞላም። በዚህ ከተማ "ፈጣሪ አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማንም ያልጠየቀውን ደግሞ ማንም አይመልስም። ትንሽ ጉባኤ እዚህ ሲተከል ለሕዝቡ የፈጣሪን መኖር ማስረዳት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ጎረቤቶቹ ሁሉ ለምን እንደተሳሳቱ ማስረዳት ነው።

ጓደኛዬ በ12 ዓመቷ ሥዕል ፊት መስገድ ለምን ስህተት እንደሆነ ከነጥቅሱ ታውቅ ነበር። ጾም ለምን እንደማያድን፣ ካቶሊኮች የት ላይ እንደሳቱ፣ ቁርኣን ለምን የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ በቃሏ ትወጣዋለች። ከእሷ ጉባኤ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ የሚለያዩት ሌሎች ጉባኤዎች ደግሞ ከሁሉም የባሱ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን "ፈጣሪ መኖሩን በምን አወቅሽ?" ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ይህች ልጅ 29 ዓመት ሲሞላት ሁለተኛው ትምህርት ፈረሰባት። "እኛ ጋ ብቻ" የሚለው እውነት እንዳልሆነ አመነች። ሌላ በር ልታንኳኳ ስትሄድ ግን በሮቹን ሁሉ በገዛ እጇ የዘጋቻቸው በልጅነቷ ነው። ቅዳሴ ሄደች፤ የ12 ዓመት ልጅ ሆና የተማረችው ክርክር ጆሮዋ ሥር ይናገራል። ሌላ ጉባኤ ሄደች፤ ያው። አንደኛውን ትምህርት ደግሞ ለብቻው የሚያቆም ምሰሶ ማንም አላበጀላትም። ያለ ሁለተኛው ቆሞ አያውቅም።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱ ራሱ ያስተማረውን ዓረፍተ ነገር ነው ሰውዬው የሚጨርሰው። "እዚህ ካልሆነ የትም የለም" ተብሏል። እዚህ አልሆነም።

እዚህ ላይ ራሴን ላስገባ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጎበዝ አይደለሁም። ጾሙን እሸራርፋለሁ፣ ቅዳሴ የምደርሰው ሊያልቅ ሲል ነው። ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት "አንተማ ልትክድ አትችልም፣ የምትክደውን ነገር መቼ በደንብ ያዝከው?" አለችኝ። ትንሽ ከነከነኝ። ግን ልክ ናት።

በትልልቆቹ ሃይማኖቶች ውስጥ መሀል ቤት አለ። ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጠ ሰው ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቁልቢ የሚወስደው መኪና ሲያፈላልግ ታገኙታላችሁ። ቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዞ የሚሄድ ሙስሊምም አለ፤ እዚህ አካባቢ ያደገ ሰው አይገርመውም። ጁምዓ መስገዱን የተወ ወጣት ረመዳን ሲገባ ይጾማል፣ ማታ መጋላ ሳምቡሳ ሲጠበስ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ያፈጥራል። እነዚህ ሰዎች ጥርጣሬ ቢገባቸው እንኳ ወድቀው የሚያርፉበት ነገር አለ። በዓሉ፣ ዘመዱ፣ ሽታው፣ ዜማው ይይዛቸዋል። ጥርጣሬው ከዓመታት በኋላ ሊበርድም ይችላል።

ጥብቅ ጉባኤ መሀል ቤት አይሠራም። ወይ ውስጥ ነህ ወይ ውጪ። በዓል የለም፣ የዘመድ ሠርግ ላይ ጭፈራ የለም፣ ለብ ያለ አማኝ ቦታ የለውም። ግድግዳው ከፍ ያለው ሰው እንዳይወጣ ነው። የወጣ ሰው ግን የሚወድቀውም ከዚያው ከፍታ ነው።

በቁጥር የሚታይ ነገርም አለ፤ ከሩቅ አገር ቢሆንም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ሰፊ ጥናት በሙስሊም ቤት ካደጉ አሜሪካውያን ከመቶ 77ቱ ሲያድጉም ሙስሊም ነን ብለዋል። በይሖዋ ምሥክሮች ቤት ካደጉት ግን በዚያው የቀሩት ከመቶ 34 ብቻ ናቸው። ጥብቅነት ብቻውን ልጅን አያቆይም ማለት ነው። እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ። "ሃይማኖት የለኝም" ካሉት አሜሪካውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በፈጣሪ ወይም በአንድ የበላይ መንፈስ ያምናሉ። ከሃይማኖት መውጣትና ፈጣሪን ማጣት ለየቅል ናቸው። እኔ የማወራው ሁለቱ ለምን አንድ ላይ እንደሚመጡ ነው።

ፒተር በርገር የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እምነት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻውን አይቆምም ይላል። ዙሪያህን ያሉ ሰዎች ነገሩን እንደ ፀሐይ መውጣት ግልጽ አድርገው ሲኖሩት ነው ለአንተም ግልጽ የሚሆነው። ሰዎቹ ሲነሱ ግልጽነቱ አብሮ ይነሳል። ይህ ስለ ፈጣሪ መኖር አለመኖር ምንም አያረጋግጥም፤ በርገር ራሱም አማኝ ነበር። የሚነግረን የእምነትን ኑሮ ነው።

የጓደኛዬ ሳምንት ምን ይመስል እንደነበር ስትነግረኝ ይህ ገባኝ። ማክሰኞ ጥናት፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ የወጣቶች፣ ቅዳሜ መዘምራን፣ እሁድ ሁለት ጊዜ። ጓደኞቿ እነሱ፣ ሥራ ያስገባት ከእነሱ አንዱ፣ ልታገባው የነበረውም ከእነሱ አንዱ። ከወጣች በኋላ በመጀመሪያው ረቡዕ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የምትሄድበት የለም። "ብቻዬን ጸልዬ አላውቅም ነበር" አለችኝ። "ሁሌም ከጎኔ አሜን የሚል ነበር። ያን ቀን ስጸልይ ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ።"

የእሷን ነገር ግን በሶሺዮሎጂ ብቻ ጨርሼ ብሄድ ውሸት ይሆናል። ሌላ ነገር አለ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰው ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር ይዟል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገር ወንዝ መሆኑን ትረሳዋለህ። ጓደኛዬ 15 ዓመቷ ነበር። በወንዙ አፋፍ ላይ አንዲት ሳምቡሳ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ የሰፈሩ ልጆች "አዴ" ነው የሚሏቸው። ሳንቲም ሲጎድላቸው "ነገ ታመጫለሽ" ብለው ይሰጣሉ። ጎርፉ ወሰዳቸው።

በሳምንቱ ጉባኤው የምስጋና ጸሎት አደረገ። ከአባላቱ አንድም ሰው አልተነካም። "ጌታ የራሱን ያውቃል" ተባለ። ሁሉም አሜን አለ።

"እኔም አሜን ብያለሁ" አለችኝ። "ሲሉ ሰምቼ ሳይሆን ከልቤ። አሁን የሚያመኝ እሱ ነው።"

ይህ አሜን 14 ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከጉባኤው ስትወጣ ግን ከሁሉም ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። ያኔ የተነገራትን ፈጣሪ አሁን ብቻዋን ስታስበው፣ አዴን ለይቶ የተወ ፈጣሪ ነው። እንዲህ ያለውን መውደድ አልቻለችም። ሌላ ዓይነት ፈጣሪ ደግሞ አታውቅም፤ ሌላው ሁሉ የሐሰት ነው ተብላ ነው ያደገችው።

እንግዲህ "ተቀይማ ነው" የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙ ሰው ከጉባኤ የሚወጣው መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ተጎድቶ ነው። ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ የግል ገመናውን ተጠይቆ፣ ወይ ጓደኛው ሲባረር አይቶ። ነገር ግን ቅያሜ በር ይከፍት እንደሆነ እንጂ፣ ከበሩ ማዶ የምታየውን አይመርጥልህም። የአዴ ጥያቄ ቅያሜው ቢበርድም ይኖራል። ለእኔ፣ ለአማኙ፣ ጭምር ይኖራል። አንድን ሰው "ተቀይመህ ነው" ብሎ ማለፍ ጥያቄውን ላለመስማት ጥሩ ዘዴ ነው። በተቃራኒውም ያው ነው፤ "የምታምነው ፈርተህ ነው" የሚለኝ ሰው እኔን አልሰማኝም።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ሰው ትዝ ይለኛል። ዘርአ ያዕቆብ። በስሙ የሚታወቀው ሐተታ እንደሚለው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ አገሩ በሁለት ሲታመስ፣ ይህ የአክሱም ሰው ባላንጣው ንጉሡ ዘንድ ከሰሰውና ሸሸ። ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። ይዞት የሄደው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። እዚያ ሆኖ ሁሉንም መረመረ። ጾሙ፣ ምንኩስናው፣ የባሪያ ንግዱ፣ ይሄ ሁሉ የሰው ሥርዓት እንጂ የፈጣሪ አይደለም አለ። ፈጣሪን ግን አልጣለም። ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር አላለቀም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ለእኔ ጉዳይ ግን ማንም ይጻፈው። እኔን የሳበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ዋሻው ውስጥ እየጸለየ ሳለ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የምጸልየው ለማን ነው? የሚሰማኝ አለ?" የሚል ነው። ለዚያ የራሱን መልስ አገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ሥርዓቶቹን አንድ በአንድ ያነሳው።

ጓደኛዬ ይህን ጥያቄ በ12 ዓመቷ አንስታ ነበር። መልሱ "እንዲህ አይባልም" ሆነ።

የቋንቋችንም ነገር አለ። አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሰው ደግ ቃል የለውም። "ከሃዲ" እንላለን፤ ጓደኛውን የሸጠም ከሃዲ ነው፣ አገሩን የሸጠም። "እምነት የለሽ" እንላለን፤ ገንዘብ ተበድሮ የማይመልስም "እምነት የለውም" ነው የሚባለው። በወንጀል ሕጋችን እንኳ "እምነት ማጉደል" የሚባል ወንጀል አለ፣ የተሰጠህን የሰው ንብረት መብላት። ስለዚህ "አላምንም" ስትል ሰሚው "አልታመንም" ብሎ ይሰማል። "ኤቲስት" የሚለውን አንዳንዱ ይጠቀመዋል፤ የከዚራ ካፌ ውስጥ ያስኬዳል፣ ቀፊራ ገበያ ግን አያስኬድም። ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ቃሉን ሲሰሙ ደርግ ነው የሚታያቸው፣ የተዘጋ ጸሎት ቤትና የታሰረ ሰባኪ።

"መናፍቅ"ም አለ። በግእዝ ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ ነው። በአማርኛ ናፈቀ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ ሁለቱንም ሆናለች። መዝሙሮቹ ይናፍቋታል። ዕቃ ስታጥብ ሳታውቀው ታንጎራጉራቸዋለች፣ ሲገባት ታቆማለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፍርሃቱ ነው። ክረምት ላይ ሌሊት ሲያጉረመርም ከእንቅልፏ ተነስታ ትቀመጣለች። የመጨረሻው ቀን ደርሶ እሷ የቀረች ይመስላታል። በቀን ብትጠይቋት ትስቃለች። "የለም ያልኩትን ነገር እንዴት እፈራለሁ?" ትላለች። ግን እኮ የፍርሃት ትምህርት የተሰጣት ማንበብ ሳትችል ነው። በክርክር ያልገባ ነገር በክርክር አይወጣም። እግዜሩ ሄዶ ፍርሃቱ ቀርቷል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብላ ነበር።

አንዳንዱ ይህን ባዶነት የሚሞላው ሌላ ጉባኤ ገብቶ ነው። ቴሌግራም ላይ አማኝን ሲሳደብ የሚያድር ሰው አይታችኋል። አነጋገሩን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ያው ሰባኪው ነው። ጥቅሱ ብቻ ተቀይሯል። እሷ አንድ ወር ያህል ገብታበት ወጣች። "ደግሞ ማክሰኞ ጥናት ሊመጣብኝ ነው ብዬ" አለች።

ሕጉ እንኳ አያስቸግርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነፃነቱ በኃይል እንዳይገደብ ይከለክላል። ድሬዳዋ የምትሠራበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባትን ይፈቅዳል፤ ቄስም ሼህም ፓስተርም አያስፈልግም። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ሆኖም በ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ላይ ኦርቶዶክስ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ እስልምና አለ፣ ባህላዊ እምነት አለ፣ "ሌላ" የሚል አለ። "የለኝም" የሚል ዓምድ የለም። እሷን ብትቆጥሯት "ሌላ" ውስጥ ናት፤ ወይ ደግሞ ቤት የነበረ ሰው ለቆጣሪው የነገረው ውስጥ።

ችግሩ ፍርድ ቤት አይደለም። ችግሩ እናት ናት። እናቷ ከወጣች ጀምሮ ስልኳን አያነሱም። ከተባረረ ሰው ጋር ማዕድ መቁረስ ክልክል ነው፣ ልጅም ብትሆን። ግን በየወሩ መጀመሪያ አንድ የጎረቤት ልጅ ሽሮና በርበሬ በፌስታል ይዞ ይመጣል። "ማን ላከህ?" ስትለው "እንዳትናገር ተብያለሁ" ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ በርበሬው የማን እንደሆነ በሽታው ታውቀዋለች።

ጉባኤው እድርም ነበር። የሚቀብርህ እሱ ነው፣ ድንኳኑንም የሚጥለው እሱ ነው። ከወጣች በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃት ገሃነም ሳይሆን ይሄ ነበር። "ብሞት ማን ያነሳኛል?" አምና የሰፈሯ እድር ልትመዘገብ ሄደች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት እድር ነው። ጸሐፊው አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ትልቅ መዝገብ ዘርግተው፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ ብለው ጻፉ። ከዚያ "ሃይማኖት?" አሏት።

"ባዶ ይሁን ጋሼ።"

"ባዶማ አይሆንም የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብትሆኚ የት እንደምንወስድሽ ማወቅ አለብን።" ትንሽ አሰቡ። "የእናትሽን ልጻፍ?"

"የድሮውን ነው የአሁኑን?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጡና ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ።